የበርሊንን የድልድይ ላይ ጣቢያዎች ያሳመራቸው ማን ነው?

በርሊን ውስጥ በድልድይ ላይ የተሠሩትን የከተማ ባቡር ጣቢያዎች ከአዲስ አበባው ቀላል ባቡር ጣቢያዎች ጋር የሚያነጻጽር አንድ ሰፊ ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤያለሁ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። የበርሊን ከተማ አስተዳደር ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት ባቡሩን በድልድይ ሲያሳልፍ ከትርፍ ይልቅ ውበትን አስቀድሟል፤ ነዋሪውም ሥራውን በእልልታ ተቀብሏል፤ እያንዳንዱ ጣቢያ በስመ ጥር አርክቴክት ተነድፏል፤ ብረት በባሕርዩ የሚያምር በመሆኑም ድልድዩ ለዓይን አልከበደም፤ ጀርመኖችም ቅርሱን ሳይነካኩ ለዛሬ አድርሰውታል። አዲስ አበባ ግን ውበት የማይገባቸው ሰዎች ስለሠሩላት ግራጫ ሲሚንቶ ተሸክማ ቀርታለች፤ ስለዚህ አሁን የሚያዋጣው ምሰሶዎቹን በቀለምና በሥዕል ማስዋብ ነው ሲሉ ጸሐፊው ይደመድማሉ።

ቁጭታቸውን እጋራለሁ። በለገሃርና በሜክሲኮ በኩል ያለፈው ድልድይ ለአካባቢው ግድ ያለው አይመስልም ቢሉ የሚከራከራቸው ብዙ ሰው አይኖርም። ነገር ግን ቁጭታቸውን ያሳረፉበት የበርሊን ታሪክ በዋናው ነጥቡ ላይ ስቷል። በርሊን ውስጥ ያማሩት ጣቢያዎች የተገኙት አቤት የማለት አቅም ያላቸው ሰዎች አቤት ባሉበት ቦታ ነው፤ እንዲህ ያለ ጉልበት ያልነበራቸው ሰፈሮች ለአንድ ዓይነት ዲዛይን ተዳርገዋል። ይህ ካልተያዘ ከበርሊን የምንወስደው ትምህርት የተሳሳተ ይሆናልና፣ የጽሑፉን ነጥቦች በየተራ አነሣለሁ። የበርሊኑን ዘመን እንደ አውሮፓውያን፣ የአዲስ አበባውን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ ሥራው የከተማው አስተዳደር ነው የሚለው ነው። አይደለም። በድልድይ ላይ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐሳብ የቨርነር ሲመንስ ነው። ሲመንስ በ1879 በበርሊን የንግድ ትርኢት ላይ በኤሌክትሪክ የሚሳብ ትንሽ ባቡር ካሳየ በኋላ፣ በ1880 በፍሪድሪሽ ጎዳና ላይ በብረት ምሰሶዎች የሚያልፍ መስመር ለመሥራት ፈቃድ ጠየቀና ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ዕቅዱ ተሻሽሎ፣ መሥመሩ ተቀይሮ፣ ፈቃድ አግኝቶ ግንባታው እስኪጀመር ድረስ 16 ዓመት ፈጅቷል፤ ሲመንስ ራሱም በ1892 በመሞቱ የሥራውን መጀመር አላየም። መስመሩን የሠራው ሲመንስ እና ሃልስከ የተባለው ኩባንያው ነው። ባለቤትና አስተዳዳሪ ሆኖ የተረከበው ደግሞ ሲመንስ እና ሃልስከ ከዶይቸ ባንክ ጋር በ1897 ያቋቋሙት የአክሲዮን ማኅበር ነው። ይህ ማኅበር የተቋቋመው አትርፎ ለባለአክሲዮኖቹ ሊያከፋፍል ነው። ከተማው መስመሩን ጠቅልሎ በራሱ የትራንስፖርት ድርጅት ሥር ያደረገው በ1929 ነው፤ ያኔ ጸሐፊው የሚያደንቋቸው ጣቢያዎች ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

በድልድይ ላይ የሚሄድና የመንግሥት ሥራ የሆነ ባቡር ከተፈለገ በርሊን ሌላ አላት። በ1882 የተከፈተውና በ731 የጡብ ቅስቶች ላይ የሚያልፈው የከተማ ባቡር የፕሩሲያ መንግሥት ሥራ ነው። ዛሬ ሃከሸር ማርክት የሚባለው፣ አርክቴክቱ ዮሐንስ ፎልመር የነደፈው ጣቢያም የዚያው መስመር ነው። ጸሐፊው በሁለቱ መካከል ሳይለዩ ማለፋቸው ያስገርመኛል፤ አንደኛው የጡብ፣ ሌላኛው የብረት ነውና በዓይን እንኳ አይመሳሰሉም።

ነዋሪው በእልልታ ተቀበለው የሚለው ሁለተኛው ነጥብ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። የ1880ው ዕቅድ የወደቀበት አንዱ ምክንያት በፍሪድሪሽ ጎዳና የነበሩ ባለቤቶች ባቡር በሁለተኛ ፎቅ መስኮታቸው ፊት እንዲያልፍ አለመፈለጋቸው ነው። ብርሃን ይጋረዳል፣ ጩኸት ይበዛል፣ የቤት ኪራይ ይወርዳል የሚል ሥጋት ነበራቸው፤ ሥጋታቸውም መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ኩባንያው በመጨረሻ ያገኘው መንገድ የቀድሞው የቀረጥ ግንብ የነበረበት ነው። ግንቡ በ1860ዎቹ ሲፈርስ ሰፋፊ ጎዳናዎች ቀርተው ነበርና መሐላቸው ላይ ምሰሶ ለመትከል አመቺ ነበር። ሽሌዚሸስ ቶር፣ ኮትቡሰር ቶር፣ ሃለሸስ ቶር የሚባሉት ጣቢያዎች ስማቸውን የወረሱት ከዚያ ግንብ በሮች ነው። በ1896 የመጀመሪያው ቁፋሮ የተጀመረውም በዚሁ በኩል፣ በጊቺነር ጎዳና ነው። አካባቢው የሠራተኞችና የትናንሽ ወርክሾፖች ሰፈር ነበር።

ወደ ምዕራብ ሲዘለቅ ግን ነገሩ ተለወጠ። እስከ 1920 ድረስ ሻርሎተንቡርግና ሸነበርግ የበርሊን አካል አልነበሩም፤ የራሳቸው ምክር ቤትና የራሳቸው ግምጃ ቤት የነበራቸው ከተሞች ነበሩ። በተለይ ሻርሎተንቡርግ ከፕሩሲያ ባለጸጋ ከተሞች አንዷ ነበረች። በ1895 የተመረቀው የካይዘር ቪልሄልም መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያንም በዚያው አቅጣጫ ነው። የእነዚህ ሰፈሮች ነዋሪዎች የብረቱን ድልድይ አንፈልግም አሉ፤ የሚሰማቸው ምክር ቤት ነበራቸውና ተሰሙ። ኤሚል ራተናው የሚመራው ኤ ኢ ጊ ኩባንያ በ1899 በሽፕሬ ወንዝ ሥር ዋሻ ቆፍሮ በመጨረሱ፣ የበርሊን ውኃ አዘል አሸዋ ለዋሻ አይመችም የሚለው ክርክር ቀድሞውንም ላልቶ ነበር። በዚህ ምክንያት ባቡሩ ከኖለንዶርፍ አደባባይ ጣቢያ በኋላ በመውረጃ መንገድ ወደ መሬት ውስጥ ይገባል። ያንን መስመር ዛሬ የሚሳፈር ሰው ሁሉ ይህን መውረጃ ያልፈዋል። በሌላ አነጋገር፣ ከ1902 ጀምሮ ሀብታሞቹ ሰፈሮች ያገኙት ዋሻ፣ ድሆቹ ሰፈሮች ያገኙት ድልድይ ነው። ሸነበርግማ ከዚያም አልፋ በ1910 በራሷ ገንዘብ የራሷን የምድር ውስጥ መስመር ሠርታለች። ጸሐፊው የሚሹት ከተማ ራሱ ከኪሱ አውጥቶ የሠራው ባቡር ይህ ነው፤ አሠሪዎቹም ከመሬት በታች እንዲሄድ መረጡ እንጂ ድልድይ አላቆሙም።

እያንዳንዱ ጣቢያ የአርክቴክት ሥራ ነው የተባለው ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ እምብርት ነው፤ እኔም ሰፋ አድርጌ ልመልስበት። ጸሐፊው ምሳሌ ያደረጉት የቢሎቭሽትራሰን ጣቢያ ነው። ምሳሌው ያማረ ነው፤ ብሩኖ ሜሪንግ የነደፈው፣ በመጋቢት 1902 አገልግሎት የጀመረ ጣቢያ ነው። በዘመኑ ዩገንድሽቲል የተባለው የጥበብ ፈሊጥ የተከተለ፣ ብረቱ እንደ ተክል ግንድ እየታጠፈ ወደ ጣሪያ የሚወጣበት፣ መግቢያዎቹም በድንጋይ ሥራ ያጌጡ ሕንፃ ነው። ሜሪንግ በዚያ አካባቢ የድልድዩን ጌጥ ጭምር እንዲነድፍ ተደርጓል። ጎረቤቱ የኖለንዶርፍ አደባባይ ጣቢያ ደግሞ ክሬመርና ቮልፈንሽታይን የተባሉ አርክቴክቶች ትልቅ ጉልላት ደፍተውለት ነበር። ሁለቱም የቆሙት ቤት አከራዮችና ነጋዴዎች በሚኖሩበት፣ ቅሬታ በበረታበት በምዕራቡ በኩል ነው።

አሁን ወደ ምሥራቅ እንመለስ። ገርሊትሰር ባንሆፍ፣ ፕሪንትሰንሽትራሰ፣ በመጀመሪያ ይዞታው ኮትቡሰር ቶር፣ እነዚህ ሁሉ የሲመንስ እና ሃልስከ መሐንዲሶች በአንድ ንድፍ ያባዟቸው ጣቢያዎች ናቸው። ሁለት መሳፈሪያ፣ በላያቸው የብረትና የመስታወት ጣሪያ፣ ከታች ደረጃ፤ በቃ። መጥፎ ሥራ አልነበሩም። ተሳፋሪውን ከዝናብ ያድናሉ፣ ብርሃን ያስገባሉ፣ መቶ ዓመት አልፏቸውም አንዳንዶቹ ዛሬ ያገለግላሉ። እንዲያውም በግሌ ከኖለንዶርፉ ጉልላት ይልቅ የገርሊትሰር ባንሆፍ ቁጥብነት ይማርከኛል፤ ይህ ግን የኔ ምርጫ ነው። እዚህ ላይ የሚያከራክረን ስመ ጥር አርክቴክት ነደፋቸው የሚለው ብቻ ነው፤ አልነደፋቸውም። የመጀመሪያዎቹ የብረት ክፍሎች በቆሙ ጊዜ የበርሊን ሰው አስቀያሚ ናቸው ብሎ ነቀፋቸው፤ ኩባንያው ታዋቂ አርክቴክቶችን ወደ ሥራው ያስገባው በዚያ ነቀፋ ግፊት፣ ሥራውም ወደ ሀብታሞቹ ሰፈሮች እየተጠጋ በሄደ ቁጥር ነው።

ጸሐፊው ሽሌዚሸስ ቶርን አንሥተው ይሞግቱኝ ይሆናል፤ መብታቸው ነው። የግሪዘባህና የዲንክላገ ሥራ የሆነው ይህ ጣቢያ በሠራተኛ ሰፈር ውስጥ የቆመ ሆኖ ሳለ ቀይ ጡቡ፣ ትንሿ ማማውና የታጠፉት ጣሪያዎቹ ትንሽ የከተማ አዳራሽ ያስመስሉታል። ሃለሸስ ቶርንም ዞልፍና ቪካርድስ በድንጋይ አልብሰውታል። ነገር ግን ሁለቱም የሚገኙት ከተማዋ መግቢያ በሆኑ አደባባዮች ላይ ነው። ሽሌዚሸስ ቶር ኦቶ ሽታን ከነደፈውና በ1896 ከተከፈተው የኦበርባውም ድልድይ አጠገብ ነው፤ ያ ድልድይ የመካከለኛ ዘመን በርን የሚያስታውሱ ማማዎች ያሉት፣ ባቡሩን በራሱ ጀርባ የሚያሻግር የከተማዋ መታያ ነበር። ስለዚህ በሠራተኛው ሰፈር ጌጥ የተቸረው እንግዳ የሚያየው አደባባይ ነው። ከአደባባዩ ወደ ውስጥ አንድ ፌርማታ ገባ ሲሉ ተራው ንድፍ ይጀምራል።

ያ ሁሉ ጥንቃቄ በምዕራቡ በኩልም የማይካድ ሸካራ ነገር አስከትሏል። ዴነቪትስ አደባባይ በሚባለው፣ የሉተር ቤተ ክርስቲያን ባለበት ቦታ ድልድዩ የሚያልፍበት ስላጣ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሆድ ውስጥ እንዲያልፍ ተደርጎ ነበር። ባቡሩ በአንደኛው ፊት ገብቶ በሌላኛው ይወጣ ነበር። ሕንፃው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወድሟል። የዘመኑ ፖስት ካርዶች ይህን እንደ ተአምር ያሳዩታል፤ በሕንፃው ውስጥ ይኖር የነበረው ተከራይ እንደ ተአምር ማየቱን ግን እጠራጠራለሁ።

ብረት በባሕርዩ ያምራል የሚለውን አራተኛ ነጥብ በአጭሩ ልለፈው። በ1902 ብረት ማለት ፋብሪካ ማለት ነበር፤ የተቃወሙት ሰዎች ከተቃወሙበት ምክንያት አንዱ ብረት መሆኑ ራሱ ነው። ዛሬ ያማረ የመሰለን ዘመን ስላለፈው ነው። የበርሊን ድልድይ ሊወደስበት የሚገባው ወለሉ ዝግ መሆኑ ነው። ሐዲዱ በጠጠር ላይ ተነጥፎ ከሥሩ በብረት ስለተደፈነ ውኃ አያንጠባጥብም፣ ጩኸቱም ይቀንሳል። በ1913 በአልፍሬድ ግሬናንደር ንድፍ በሸንሃውዘር አሌ በኩል የተሠራውን ድልድይ የሰፈሩ ሰው «የማዘጋጃ ቤቱ ዣንጥላ» እያለ ይጠራዋል፤ ከሥሩ በዝናብ ሳይረጥቡ ይሄዳሉና። ይህን ጥቅም ሲሚንቶም ሊሰጥ ይችላል። የአዲስ አበባን ድልድይ በሲሚንቶነቱ መውቀስ ስለዚህ አያዋጣም።

አምስተኛው ነጥብ ቅርሱ ሳይነካ ቆይቷል የሚለው ነው። ይህን ያለ ሰው የበርሊንን ሃያኛ ክፍለ ዘመን ዘልሎታል። የግላይስድራይኤክ መገናኛ በ1902 ሲሠራ መስመሮቹ በሦስት ማዕዘን ይገናኙበት የነበረ ቦታ ነው፤ በመስከረም 1908 ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው አንድ ፉርጎ ከድልድዩ ወደ ታች ወደቀ፤ 18 ሰዎች ሞቱ። ሦስት ማዕዘኑ ፈርሶ በ1912 አንዱ መስመር በሌላው ላይ የሚያልፍበት አዲስ ጣቢያ ተተካ። ኮትቡሰር ቶር በ1920ዎቹ መጨረሻ ፈርሶ፣ ከሥሩ ለተሠራው የምድር ውስጥ መስመር መገናኛ እንዲመች ወደ ምሥራቅ ተገፍቶ በግሬናንደር እንደ አዲስ ተሠራ። ሜከርንብሩከም በ1937 ሙሉ በሙሉ በሌላ ሕንፃ ተተክቷል። ይህ ሁሉ ከጦርነቱ በፊት ነው።

ጦርነቱ የኖለንዶርፍን ጉልላት ወሰደ፤ ዛሬ በቦታው የሚታየው በ2002 የተሠራ ቀለል ያለ አምሳያ ነው። በመጀመሪያው የአገልግሎት ቀን፣ በየካቲት 1902፣ የመስመሩ ምሥራቃዊ ጫፍ የነበረው ሽትራላወር ቶር በመጋቢት 1945 በቦምብ ወድሞ ዳግመኛ አልተሠራም። በ1961 ከተማዋን ለሁለት የከፈለው የበርሊን ግንብ ሲቆም ባቡሩ ሽፕሬን መሻገር አቁሞ ሽሌዚሸስ ቶር የመጨረሻ ፌርማታ ሆነ፤ እንዲህ ሆኖ እስከ ጥቅምት 1995 ቆየ። የኦበርባውም ድልድይ መሐሉ በጦርነቱ ማብቂያ ፈርሶ ነበርና ዛሬ ባቡር የሚያልፍበት የመሐሉ ክፍል የሳንትያጎ ካላትራቫ ንድፍ ነው።

ጸሐፊው የቅርስ ጥበቃ ምሳሌ ያደረጉት ቢሎቭሽትራሰም ቢሆን ዕድሉ ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ከተማይቱ በመከፈሏ ተሳፋሪ ጠፍቶ ከግላይስድራይኤክ እስከ ቪተንበርግ አደባባይ ያለው መስመር በጥር 1972 ተዘጋ። በኖለንዶርፍ ጣቢያ አሮጌ ፉርጎዎች ቆመው የልዋጭ ዕቃ መሸጫ ሆኑ፤ ከ1980 ጀምሮ ደግሞ ቢሎቭሽትራሰ የቱርክ ባዛር ሆነ፤ ጨርቅ፣ ቅመምና ምግብ ይሸጥበት ነበር። በሁለቱ መካከል አንድ አሮጌ ትራም ገበያተኛ ያመላልስ ነበር። ባቡሩ የተመለሰው ግንቡ ከፈረሰ በኋላ፣ በኅዳር 1993 ነው። ቢሎቭሽትራሰን ከመፍረስ ያዳኑት ብዙዎቹ ከቱርክ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው ብል ብዙም አላጋንንም፤ ባዶ ሕንፃ እንደሚጎዳ የሚያውቅ ይህን ይረዳል። ጸሐፊው ባዛሩን በአንድ ቃል እንኳ አለማንሣታቸው የጽሑፋቸው ትልቁ ጉድለት ይመስለኛል።

ወደ አዲስ አበባ ልምጣ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመትና 39 ጣቢያዎች አሉት። ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው፤ ተቋራጩም የቻይና ኩባንያ ነው። ሰሜን ደቡብና ምሥራቅ ምዕራብ የሚባሉት ሁለቱ መስመሮች መሐል ከተማ ላይ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ በድልድይ የሚያልፈው የስታዲየም፣ የለገሃርና የሜክሲኮ ክፍልም ይኸው ነው። ጸሐፊው ይህን ሥራ «ውበት የማይገባቸው ሰዎች» ሥራ ብለውታል። የገርሊትሰር ባንሆፍን ታሪክ ለሚያውቅ ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም። አንድ ንድፍ አውጥቶ ማባዛት በብድር ወይም በአክሲዮን ገንዘብ፣ በተቆረጠ ጊዜ የሚሠራ ማንኛውም ተቋራጭ የሚያደርገው ነው፤ የ1902ቱ ሲመንስ እና ሃልስከም ያደረገው ያንኑ ነው። ይህ የጣዕም ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ያው ኩባንያ በአንድ መስመር ላይ ቢሎቭሽትራሰንም ፕሪንትሰንሽትራሰንም ባላቆመ ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥም የሰው ድምፅ ሥራው በጥንቃቄ እንዲሠራ ያደረገበት ቦታ አለ። በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ሐዲዱ መሬት ውስጥ ይገባል። በዚያ ሥራ ምክንያት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ሲነሣ የብዙ ሰው ሥጋት በይፋ ተሰማ፤ ሐውልቱ በብሔራዊ ሙዚየም ተጠብቆ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታው ተመልሷል። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ፣ በ1922 ዓ.ም. ጣቢያው ለተመረቀለት ለለገሃር ግን ያን ያህል ድምፅ አልተሰማም። የአገሪቱ የመጀመሪያው ባቡር መዳረሻ በሆነ አደባባይ አጠገብ የሚሠራው አዲስ ጣቢያ እንደ ማንኛውም ፌርማታ ሆኖ መነደፉን ከዚህ ጋር ማያያዝ ይቻላል።

የቀለም ቅቡን ሐሳብ የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። ሜሪንግ ወደ ቢሎቭሽትራሰ የመጣው ድልድዩ ከመቆሙ በፊት ነው፤ የቆመን ምሰሶ እንዲቀባ አልተጠራም። ግሬናንደር ኮትቡሰር ቶርን እንደገና የነደፈው ደግሞ አዲስ መስመር በሥሩ ሊያልፍ ቁፋሮው የግድ በሆነ ጊዜ ነው፤ ከተማዋ ለሌላ ሥራ ያንን አደባባይ ስትከፍት ጣቢያው አብሮ ተከፈተ። ለለገሃርም እንዲህ ያለ ጊዜ መጥቷል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው የለገሃር መልሶ ልማት የአሮጌውን ጣቢያ ዙሪያ በሙሉ የሚነካ ሥራ ነው። ጸሐፊው ላላቸው ብዕርና ለሚያነባቸው ሰው የሚመጥነው ጥያቄ በዚያ ዕቅድ ውስጥ የቀላል ባቡሩ ጣቢያ የት እንደሚገባ ነው፤ ከአሮጌው ሕንፃ ጋር በእግር የሚያገናኘው መንገድ፣ ከድልድዩ ሥር ያለው መሬት አጠቃቀም፣ የመሳፈሪያው ጣሪያ ስፋትና የደረጃዎቹ አቀማመጥ በንድፉ ላይ እንዲሰፍሩ መጠየቅ የሚቻለው ሥራው ተጠናቆ ከመታሠሩ በፊት ነው።